የዓርቡ መርዶ

የየኔነሽ ታላቅ ወንድም አቶ ክፍሉ ማክሰኞ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ። ረቡዕ ጠዋት፣ በድሬዳዋ የነምበር ዋን ሰፈር የቆርቆሮ ጣሪያዎች መጋል ሳይጀምሩ፣ ከራሷ ከየኔነሽ በቀር መንደሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር።

ጎረቤቷ ሃዎ የሰማችው በአጥር በኩል ነው። አቧራው እንዳይነሣ ከደጇ ፊት ያለውን አሸዋ እንደ ልማዷ በጣሳ ውሃ እያርከፈከፈች ሳለ፣ ከቆርቆሮው ወዲያ ሁለት ወንዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ጆሮዋ ገባ። አንዱ የየኔነሽ ልጅ ዳጊ ነበር፤ ጉምሩክ ይሠራልና በዚህ ሰዓት ከቤት ወጥቶ መሄድ ነበረበት። ሌላው የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ያለ ጉዳይ በማለዳ የሰው ግቢ የሚገቡ ሰው አይደሉም። «ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው» አሉ። «እሷን ዓርብ ጎሕ ሲቀድ እናረዳታለን።» ዳጊ «ከቀብሩ በኋላ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። «ከቀብሩ በኋላ። ደም ግፊት ያለባትን እናትህን አስከሬን ፊት አቁመህ ሁለት ሐዘን ልታመጣብን ነው?» የሃዎ ጣሳ ባዶውን እጇ ላይ ቀረ።

ሃዎ በተወለደችበት ቤት ሞት የሚቆይ ወሬ አይደለም። ጠዋት የሞተ ሰው ከከሰዓቱ የዓስር ሶላት በፊት አፈር ይለብሳል፤ ስለዚህ የሚነገረው ሰው ተቀምጦ ይሁን ቆሞ፣ በልቶ ይሁን ጾሙን፣ ማንም አይመረምርም። የገዛ ባሏ ዓዋሌ ጅግጅጋ ላይ ሲሞት ወንድሙ ደውሎ «ዓዋሌ ሞቷል፤ ቶሎ ድረሺ» አላትና ስልኩን ዘጋ። ቶሎ በመነገሩም ሳይከፈን ደርሳ ፊቱን አየች። ያን ቀን በንዴት የተንቀጠቀጠችው የኔነሽ ነበረች፤ «ድንጋይ ነው እንዴ የሚወረውረው? ሰው እንዲህ ተብሎ ይነገራል?» እያለች ደዋዩን ስትረግም ዋለች። ያ ቁጣ ለሃዎ እስከ ዛሬ ድረስ አልገባትም ነበር። አሁን አጥሩ ሥር ቆማ ስታስበው፣ ያ ቁጣና ይህ ሹክሹክታ ከአንድ ቦታ የመጡ መሆናቸውን ጠረጠረች፤ ቦታው ግን የት እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

ሁለቱን ግቢዎች የምታገናኘውን ትንሿን በር ገፍታ ገባች። በረንዳው ከወትሮው ቀድሞ ታጥቧል፤ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል፤ የሳሎኑ ቴሌቪዥን ተነቅሏል። የየኔነሽ ልጅ ስምረት ከውሃው በርሜል አጠገብ ጎንበስ ብላ ዐይኗን ትታጠባለች፤ የእናቷ ስልክ በቀሚሷ ኪስ ውስጥ ድምፁ ጠፍቶ ይነዝራል። የኔነሽ ገና መኝታ ቤቷ ውስጥ ዳዊቷን እየደገመች ነበር።

«ሰምተሻል» አሉ ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል፤ እየጠየቁ አልነበረም።

«ሰማሁ። ነፍስ ይማር። ለምን አትነግሯትም?»

«ይነገራታል። በሰዓቱ።»

«ሰዓቱማ ዛሬ ነው። አንተ፣ የአንተ ወንድም ቢሆን ዓርብ ድረስ እንድትተኛ ትፈልጋለህ?»

ሃዎ ለሽማግሌም ለልጅም «አንተ» ነው የምትለው፤ ጋሽ ሰይፈ ሚካኤልም እዚህ ከተማ ብዙ ዘመን ስለኖሩ ለምደውታል። አልተቆጡም። በዕድሜያቸው ብዙ ሰው አርድተዋልና እንደ ሥራው ባለቤት ረጋ ብለው አስረዷት። መርዶ የሚረዳ ሰው ብቻውን መሆን የለበትም፤ ዙሪያውን የሚደግፉት ሰዎች ተቀምጠው፣ ሌሊቱን ዐርፎ፣ ሆዱም እህል ይዞ መሆን አለበት። ጎሕ የሚመረጠው ከፊቱ ሙሉ ቀን ስላለ ነው፤ የሚያለቅስ ሰው ላይ ወዲያው ጨለማ አይመጣበትም። ራቅ ያለ ቀብር ከሆነ ደግሞ የታመመ ሰው እንዳይንገላታ ከቀብሩ በኋላ ይነገረዋል። «ማዘን አቅም ይጠይቃል ሃዎ» አሉ። «እኛ የምናቆየው አቅም እንድታገኝ ብለን ነው።» ሃዎ ይህን ስትሰማ ተንኮል እንደሌለበት ገባት፤ እንዲያውም የሰውየው ጥንቃቄ አንድ ነገር ውስጧ ነካ። ሆኖም አቶ ክፍሉ ነገ አፈር ይገባሉ፤ የኔነሽ ደግሞ በዚያ ሰዓት እዚህ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ልትገኝ ነው። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ልታኖራቸው አልቻለችም።

«ዛሬ ሱቅሽ ይዘሻት ዋዪ» አሉ ቀጥለው። «እዚህ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ አንዱ ያመልጠዋል።»

«እኔስ ቢያመልጠኝ?»

«አንቺማ የቤት ሰው ነሽ።»

«የቤት ሰው ከሆንኩ ታዲያ የምለው ለምን አይሰማም?»

ዳጊ ወደ እሷ ጠጋ አለ። ሸሚዙ ተጨማድዷል፤ በሕፃንነቱ ሃዎ በጀርባዋ አዝላው ቀፊራ ገበያ ስትወርድ እንደነበረው ዓይነት ልምምጥ ፊቱ ላይ ነበር። «አዴ ሃዎ፣ በአላህ። ነግረናት አንድ ነገር ብትሆንብኝስ?» አላት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ እናት «አዴ» ነው የሚላት። ሃዎ ስምረትን አየች፤ ስምረት መሬት መሬት አየች። «እሺ፤ ወላሂ አልነግራትም» አለች ሃዎ። ይህ ቃል ድሬ ውስጥ የቲማቲም ሻጩም የባጃጅ ነጂውም አፍ ላይ ነው፤ ስንቱ ሐሰት ታጅቦበት ይሄዳል። እሷ ግን ከአፏ ከወጣ በኋላ መሐላ መሆኑ ታወቃት።

የኔነሽ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ በረንዳው ስትወጣ አራቱም በአንድ ጊዜ ሌላ ሌላ ነገር ማየት ጀመሩ። «ምነው፣ ስብሰባ አለ እንዴ?» አለች። «የእድር ጉዳይ ነው» አሉ ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል። «ማን ሞቶ?» አለች እንደ ቀልድ፤ ዳጊ ፈጠን ብሎ «የወንበር ኪራይ ነገር ነው እማዬ» አለ። ስልኳን ፈለገች። ስምረት ቻርጅ እንቢ ስላለ ለሠሪ ልትሰጠው መሆኑን ነገረቻት። «ማታ ደህና አልነበረም?» «ሌሊት ነው የተበላሸው።» የኔነሽ ልጇን ትንሽ አየቻት። ሃዎ «ተነሽ፣ ሱቅ እንሂድ» ስትላት ነገሩ እንግዳ አልሆነባትም፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን አብረው ይውላሉ። እንግዳ የሆነባት ስምረት ጫማዋን አምጥታ እግሯ ሥር ማስቀመጧና ዳጊ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ ባጃጅ ማስቆሙ ነበር።

ባጃጁ የደቻቱን ድልድይ ሲሻገር ከታች ያለው ደረቅ አሸዋ ላይ ነጋዴዎች ሸራቸውን እየወጠሩ ነበር። የኔነሽ ስለ ቲማቲም ዋጋ መናር፣ ቧንቧው ከእሑድ ወዲህ ጠብ ስላለማለቱ፣ ስለ አዲሱ የቤተ ክርስቲያን አጥር አወራች። ከዚያም «ጋሼ ክፍሉ እሑድ ሲደውልልኝ ሳል ይዞት ነበር» አለች። «ዝንጅብል በማር አፍልተህ ጠጣ ብዬዋለሁ፤ እሱ እንደሆነ አይሰማኝም። ለፋሲካ ወርጄ ድሬ እሞቃለሁ ሲል ከርሞ አሁን ደግሞ ጉልበቴን ይለኛል።» ሃዎ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ የማንጎ ጋሪዎችን ስትቆጥር ቆየች። በሌላ ቀን ቢሆን «ወንድምሽማ ሰነፍ ነው፤ እዚህ መጥቶ እኔ ላግባው» ትል ነበር። ይህን ቀልድ ብዙ ጊዜ ደጋግማዋለች፤ የኔነሽም በእያንዳንዱ ጊዜ «ለአንቺ ይሆናል ብዬ የማልመኝልሽ እሱን ብቻ ነው» ትላታለች። ዛሬ የባጃጁ ሞተር ብቻ ነው የሚሰማው።

የሃዎ ሱቅ ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ላይ ነው። ከላይ የተወጠረው ሰማያዊ ሸራ ብርሃኑን ያቀዘቅዘዋል፤ ሙቀቱን ግን አያግደውም። በግራና በቀኝ ሽቲና ድሪያ የሚባሉ ስስ የሴት ቀሚሶች፣ የወንድ ሽርጦች ተሰቅለዋል፤ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለችው ማራገቢያ መብራት ሲኖር ጫፋቸውን ታወዛውዛለች። ለየኔነሽ በበሩ አጠገብ የተመደበ ዱካ አላት። ከዚያ ላይ ተቀምጣ መንገደኛውን ትቃኛለች፤ ገዢ ሲመጣ ደግሞ አስተያየት ትሰጣለች። አስተያየቷ ዘወትር ሻጯን የሚጎዳ ነው። ሃዎ በምላሹ የምታወርድባት የስድብ ናዳ ገበያው ውስጥ የታወቀ ነበር፤ አንዳንድ ደንበኛ ጨርቅ ሳያምረው ይህን ለመስማት ብቻ ጎራ ይላል። የጎረቤት ሱቆች ሰዎች ሁለቱ ሴቶች አንድ ቀን በእርግጥ ይጣላሉ ብለው ሲጠብቁ ዓመታት አልፈዋል።

ሦስት ሰዓት አልፎ ናስቲሆ መጣች። የታናሽ እኅቷ ሠርግ ደርሶባታልና ከሱቅ ሱቅ ስትዞር የቆየች፣ ላቧን በሻሿ ጫፍ የምትጠርግ ወፍራም ሳቂታ ሴት ናት። አንድ ሰማያዊ ሽቲ አስወርዳ በጣቶቿ እያሸች «ስንት ትይኛለሽ? እውነተኛውን ንገሪኝ፤ የእኅቴን ሠርግ አታበላሺ» አለች። የኔነሽ ከዱካዋ ላይ አንገቷን ዘርግታ «ናስቲሆ፣ እሱን ተይው፤ በሁለተኛው እጥበት ይለቃል። እኔ ለብሼ አውቀዋለሁ» ስትል ናስቲሆ ወደ ሃዎ ዞራ ፈገግ እንዳለች ጠበቀች። የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ሃዎ እንዲህ ትላለች፦ አንቺ ደገኛ፣ ሱቄን ልትዘጊ ነው ከተራራ የወረድሽው? ጨርቁ አይደለም የለቀቀው፣ የአንቺ ላብ ነው፤ ላብሽ ብረትም ያስለቅቃል። ከዚያ የኔነሽ ስለ ነጋዴ እምነት አንድ ነገር ትላለች፣ ናስቲሆ ትዳኛለች፣ በሳቁ መካከል ዋጋው ይቆረጣል። ሃዎ ሽቲውን ከናስቲሆ እጅ በቀስታ ወሰደችና አጠፈችው። «እውነቷን ነው» አለች። «ሌላ ላሳይሽ።»

የናስቲሆ ፈገግታ ፊቷ ላይ ያለ ሥራ ቀረ። አንዷን አየች፣ ሌላይቱን አየች። «አቦ፣ ምን ሆናችኋል? ተኮራርፋችኋል?» አለች። «የድሬ ሰው እንዲህ የሚከባበረው ሲጣላ ነው።» ሃዎ «ሙቀቱ ነው» አለች። «ሙቀቱማ ስንወለድም ነበረ» አለች ናስቲሆ። ጥቂት ቆማ ሌላ ጨርቅ ሳታስወርድ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ ብላ ወጣች፤ መተላለፊያው ጫፍ ደርሳ አንድ ጊዜ ዞራ ተመለከተቻቸው።

ሃዎ የታጠፉትን ጨርቆች እያወረደች እንደገና ታጥፋቸው ጀመር። አፏን ጠብቃ ስለዋለች መሐላዋን እንደጠበቀች ታስብ ነበር፤ በእሷ ዘንድ ያልተነገረ ነገር አልተነገረም፤ ዝም ያለ ሰውም ገና አልተናገረም። የኔነሽ ግን የተወለደችው ዋናው ነገር ሳይጠራ በሚተላለፍበት አገር ነው። እዚያ ሙሽራ ሲጠየቅ፣ ሰው ሲታረቅ፣ ርስት ሲካፈል፣ ሽማግሌዎች ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ሲያወሩ ይቆዩና ጉዳዩን በማለፋቸው ጉዳዩን ያሳውቃሉ። በልጅነቷ ጆሮዋን ያሠለጠነችው ለተባለው ነገር ሳይሆን ሊባል ሲገባው ለቀረው ነበር። አሁን ዱካዋ ላይ ተቀምጣ የቀረውን ታዳምጥ ነበር።

«አሞሻል?» አለች በመጨረሻ።

«ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።»

«ሉብና ከዩኒቨርሲቲ ደውላ ነበር? ደህና ናት?»

«ልጄ ደህና ናት።»

«እንግዲያው ነገሩ የእኔ ነው» አለች የኔነሽ።

ሃዎ የያዘችውን ጨርቅ አራት ማዕዘን አድርጋ አጠፈች፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈች። የኔነሽ ድምፅዋን ሳትለውጥ የጠዋቱን ነገር አንድ በአንድ ታነሣው ጀመር፤ ስምረት ዐይኗ ማበጡ፣ ዳጊ ከሥራ መቅረቱ፣ የጋሽ ሰይፈ ሚካኤል መምጣት፣ ስልኩ። «ስልኬ ሌሊት ትራሴ ሥር ነበር» አለች። «ጫማዬን ልጄ አመጣችልኝ። አንቺ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልሰደብሽኝም። ደግ ሆንሽብኝ ሃዎ።» ከአጠገባቸው ካለው ሱቅ የሬዲዮ ዘፈን ይሰማል። «ጋሼ ክፍሉ ነው?»

ሃዎ ለማስተባበል የሚሆን ቃል ፈልጋ አጣች፤ ውሸት ልትናገር አልማለችም። ዐይኖቿን ከጨርቁ ላይ ሳታነሣ ቆየች፤ ይህም ለየኔነሽ በቂ ነበር።

ሃዎ ጩኸቱን ጠበቀች። የደገኞችን ለቅሶ ታውቀዋለች፤ ደረት ሲመታ፣ ፊት ሲፋቅ ዐይታለች፤ በሃይማኖቷም የማይወደድ ስለሆነ ሁልጊዜ ራቅ ብላ ነው የምትቀመጠው። የኔነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ አስገብታ ነከሰችው። ትከሻዋ አንድ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ወረደ፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ሃዎ ከገንዘብ ሣጥኑ ጀርባ ወጥታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አልቅሺ» አለቻት። «ማን ያይሻል?» የኔነሽ ነጠላውን ከአፏ አውጥታ «እዚህ አላለቅስም» አለች። «ከጮኽኩ፣ አንቺ ነገርሻት ይሉሻል። መርዶ በመጥፎ የነገረ ሰው ስሙ ከዚያ ቤት አይጠፋም፤ የልጅ ልጆቼ ያነሡሻል።» ሃዎ ይህን አልጠበቀችም። የኔነሽ በዚህች ደቂቃ ውስጥ፣ ወንድሟን ባጣችባት ደቂቃ፣ ስለ እሷ ስም ነበር የተጨነቀችው።

«መቼ ነው የሚቀበረው?» አለች የኔነሽ።

ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ጠዋት ለሃዎ ለዚህ ጥያቄም መልስ ሰጥተዋት ነበር፤ ምንም ብትጠይቅሽ አላውቅም በዪ ብለዋታል። ሃዎ አሰበች። አላውቅም ብትል ዛሬም ነገም በዚያ ቤት ተከብራ ትገባለች፤ ዳጊ አዴ ማለቱን አይተውም፤ ትንሿም በር ሳትዘጋ ትኖራለች። የኔነሽ ግን ሰዓቱን በግምት ይዛ፣ ከማትጠይቃቸው ልጆቿ ጋር፣ እስከ ዓርብ ጎሕ እንደማታውቅ ሆና ትቀመጣለች። ይህን ማድረግ እንደምትችል ሃዎ አልተጠራጠረችም፤ አሁን ዐይታዋለች። የሚያስፈራትም ይኸው መቻሏ ነበር።

«ነገ በስድስት ሰዓት» አለች።

የኔነሽ ራሷን ነቀነቀች። ገበያው ለቀትር ሙቀት መዘጋት ጀምሮ ነበር፤ ወንዶች ሽርጣቸውን አገልድመው ጫታቸውን በፕላስቲክ ይዘው ወደየቤታቸው ያዘግማሉ። ሃዎ የብረት በሩን አወረደች። በባጃጁ ውስጥ የኔነሽ የሃዎን እጅ ይዛ ነበር፤ ድልድዩን እስኪሻገሩም አለቀቀችውም።

ቤት ሲደርሱ ዳጊና ስምረት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። የኔነሽ ልጆቿን እንደ ወትሮዋ ሰላም ብላ አልፋ እጇን ታጠበች፤ ሳሎን ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና «ስምረት፣ ምሳዬን አቅርቢልኝ» አለች። ቀኑ ረቡዕ፣ የጾም ቀን ነውና ስምረት ሽሮ አቀረበችላት። እናትየዋ ባርካ ቀስ እያለች በላች። ልጆቿ የሚያዩት ጉሮሮዋን ነበር፤ እያንዳንዱ ጉርሻ በግድ ነው የሚወርደው፤ ሆኖም ወጡን ጠርጋ እስክትጨርስ አላቋረጠችም። «የግፊቴንም ኪኒን አምጪ» አለች። ዋጠችው። ከዚያ ወደ ዳጊ ዞራ «ጋሽ ሰይፈ ሚካኤልን ጥራልኝ። ሁለት ሽማግሌ ይዘው ይምጡ» አለችው።

ዳጊ አልተነሣም። ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ ሃዎ አዞረ፤ እሷ ከበሩ ደፍ አላለፈችም ነበር። ተነሥቶ ወደ ውጭ አወጣት።

«ምለሻል እኮ!»

«ምያለሁ። ሞተ አላልኳትም።»

«ታዲያ ምን አልሻት?»

«ሰዓቱን።»

«እሱና ይህ አንድ አይደለም?»

ሃዎ ለመከራከር አፏን ከፍታ ተወችው። «አንድ ነው» አለች። «የመሐላዬን ማስተሰረያ፣ ከፋራውን፣ እኔ አወጣለሁ፤ ድሀ አበላለሁ። እሱ የእኔና የአላህ ነገር ነው። አንተ ግን እናትህ የላከችህ ቦታ ሂድ።» ዳጊ አዴም ሳይላት፣ ሳይሰናበታትም ወጣ። ስምረት በመስኮቱ በኩል ሰምታለች፤ የእናቷን ስልክ ከኪሷ አውጥታ ምግብ የተበላበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እናትና ልጅ ስልኩን ተመለከቱት፤ ሁለቱም አልነኩትም።

ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል በዚያ ሙቀት ኮታቸውን ለብሰው፣ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ሲያዩ ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ናቸው፤ የኔነሽ መሬት ላይ ምንጣፍ አስነጥፋ ተቀምጣለች። ፀሐይዋን አዩ፤ ገና ወደ ምዕራብ ማዘንበሏ ነበር። «የኔነሽ፣ ይህ እኮ ሰዓቱ አይደለም» አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ከቁጣ ይልቅ ግራ መጋባት ነበር።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች። «እህል ቀምሻለሁ። መድኃኒቴን ወስጃለሁ። ልጆቼ፣ ጎረቤቴ፣ እናንተም ከብባችሁኛል። የቀረኝ ከእርስዎ አፍ መስማት ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ሃዎን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ሃዎ ዐይኗን አልሰበረችም። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከየኔነሽ ፊት ለፊት ተቀመጡና ጉሮሯቸውን አጠሩ። ደንቡ እንደሚያዘው ከሩቅ ጀመሩ። ስለ አቶ ክፍሉ ዕድሜ፣ አሳድገው ለወግ ስላበቋቸው ልጆች፣ እኅታቸውን ከቤታቸው ስለዳሩበት ቀን፣ ስለ ሰሞኑ ሳል፣ ስለ ሐኪሙ ተናገሩ። ድምፃቸው የተመጠነ ነበር፤ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከጨረሱ በኋላ ጥቂት ይጠብቃሉ። ሃዎ በጠዋት ያላየችውን አሁን አየች፤ ሰውየው የኔነሽን አንድ አንድ እርምጃ እያስወረዱ ወደ አንድ ቦታ እያደረሷት ነበር። «ማክሰኞ ማታ ዐርፏል፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» ሲሉ የየኔነሽ አካል ገና አሁን እንደሰማ ሰው ተንቀጠቀጠ፤ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ድምፅ ከሆዷ ወጣ። ሃዎ ለአንድ አፍታ፣ ታውቀው የለም እንዴ፣ ለሰው ብላ ነው ስትል አሰበች፤ ፊቷን ስታይ ግን አፈረች። ራቅ ብላ መቀመጧን ትታ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከችና ጀርባዋን ያዘች።

ጩኸቱን የሰማ ሰው ከየቤቱ መጣ። ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ፤ የሃዎ ዘመዶችም ከውጭ በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ አንዱ ሸራ ወጠረ፣ ሌላው የውሃ ጀሪካን አመጣ። ለቅሶው ጋብ ሲል ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል የሚሆነውን ማመልከት ጀመሩ። የኔነሽ እዚሁ ሐዘኗን ትቀመጥ፣ ዳጊ ዛሬውኑ ተነሥቶ ቀብሩን ይድረስ፣ እሷን ደግሞ ሰባቱ ሳይወጣ ልጆቿ ይወስዷታል አሉ። ዳጊ ከእናቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ «እንደሱ ይሻላል እማዬ፤ መንገዱን አትችይውም» አላት። ሽማግሌዎቹ በአዎንታ አንገታቸውን ነቀነቁ። የኔነሽ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«በማታው አውሮፕላን እሄዳለሁ» አለች። «አብራኝ የምትሄደው ሃዎ ናት።»